ቀድማ የሰቀለችው ጨርቅ

መጀመሪያ ያየችው እግሩን ነው። ከገበያ ተመልሳ የግቢዋን በር ስትከፍት፣ ከጣሪያዋ ጫፍ ላይ አቧራ የለበሱ ሁለት ጫማዎች ተንጠልጥለዋል። «ሌባ!» ብላ ጮኸች።

«አይደንግጡ» አለ የጫማዎቹ ባለቤት ከላይ። «ደረቅ ቅጠል እየጠረግኩ ነው። አሸንዳው ሞልቷል፤ አንዲት ፍንጣሪ ብታርፍበት ቤቱ ክብሪት ነው።»

«ማን ፈቀደልዎት?»

«እናትዎ።»

እናቷ ሳይሆኑ አማቷ ነበሩ። አሮጊቷ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ «ምን ያስደነግጥሻል? ሌባ ቅጠል ይሰርቃል እንዴ?» አሏት። ሰውየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም።

ሰውየው የደን ጠባቂ ነው። ከሰፈሩ በላይ፣ ጫካው በሚጀምርበት ተራራ ጫፍ፣ የብረት ማማ ላይ ተቀምጦ በጋውን ሙሉ ጭስ ሲጠብቅ ይውላል። ልጆች «ጋሼ ማማ» ይሉታል። እሷን ደግሞ ሰፈርተኛው በሌለችበት «ወይዘሮ ሻንጣ» ይላታል፤ በጋ ከገባ የታሸገ ሻንጣ ከበሯ ጀርባ አይጠፋምና። ባሏ ድንገት ታሞ ከሞተ ወዲህ፣ ክፉ ነገር ሳይናገር እንደሚመጣ ታውቃለች። ልብስ ሰፊ ናት። ጎረቤቶቿ ጭስ ሲሸታቸው የማን ምድጃ ነው ይላሉ፤ እሷ ግን የስፌት መኪናዋን አቁማ ተራራውን ለማየት ትወጣለች። ትንሿን ልጇንና አማቷን ይዛ የምትሮጥበትን መንገድ በልቧ ስንት ጊዜ ሮጣዋለች።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ጨርሶ ቀረ። ጠባቂው ሰፈሩን ሰብስቦ አንድ ደንብ አስተማረ። እሳት መጥቶ ውጡ ሲባል፣ ቤቱ ውስጥ ማንም አለመቅረቱን ያረጋገጠ ሰው በሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል። ጨርቅ ያለበትን በር ሰው ለማውጣት የሚዞረው መኪና ያልፈዋል፤ ጨርቅ የሌለበት ጋ ቆሞ ሰው ያወጣል። ጨርቆቹን ቆርጣ እንድትዘመዝም የተመረጠችው እሷ ናት።

ጠባቂው የጨርቁን ጣቃ ሊያደርስ መጣ። የተዘመዘመውን ሊወስድ መጣ። ከዚያ የሚወስደው ነገር ሳይኖርም መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ስለ ማማው ያወራታል፤ ጎህ ሲቀድ ጫካው ከላይ ሲታይ ባሕር እንደሚመስል፣ አንዳንዴም ደመና ከእግሩ ሥር እንደሚያልፍ። እሷ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ ትሰማለች። አንድ ቀን ሳታስበው ፍርሃቷን ሁሉ ዘረገፈችለት፤ አማቷ መሮጥ እንደማይችሉ፣ ልጇ ገና ትንሽ እንደሆነች፣ ሁለቱንም ለመያዝ ሁለት እጅ እንደማይበቃት። እሱ እንደ ሌላው ሰው «አይዞሽ፣ ምንም አይመጣም» አላላትም።

«ይመጣል» አላት። «ሲመጣ ግን አንቺን ሳልይዝ ከዚህ ሰፈር አልወጣም።»

«አንቺ» ያላት ያን ቀን ነው። ስፌቱ ጠመመባት፤ ፈትታ እንደገና ሰፋችው።

ነገር ግን አማቷን ታፍራለች። አንድ ጣሪያ ሥር ያኖራቸው ሟች ባሏ ነው፤ በእናቱ ፊት ሌላ ወንድ ማሰብ ይሰቀጥጣታል። ስለዚህ ጠባቂው፣ እንጋባ ያልኩሽን አስበሽበታል ወይ ባላት ቁጥር፣ በጋው ይለፍ እያለች ትሸሻለች።

በጋው ሳያልፍ እሳቱ መጣ።

ጠዋት ነበር። መጀመሪያ ከተራራው ጀርባ ነጭ ጭስ ታየ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ ፀሐይዋ እንደ ጋለ ብረት ቀላች። ተዘጋጁ ተባለ፤ ውጡ ገና አልተባለም። እሷ ግን እሷ ናት። በኋላ በግርግሩ እንዳትረሳው ብላ፣ ነጩን ጨርቅ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድማ በሯ ላይ ሰቀለች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች፤ ጨርቁም ከሐሳቧ ወጣ።

አማቷ አልሄድም አሉ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ልጄ ያረፈበትን ቤት ጥዬ የት እደርሳለሁ፣ እናንተ ሂዱ አሉ። ለመነቻቸው፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። እሷ ስትለምን፣ ውጡ የሚለው የማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። ሰፈሩ ወጣ። የመኪና ድምፅ ስትሰማ ወደ መስኮቱ ሮጠች፤ ሰው የሞላበት የጭነት መኪና ነው፤ መሪውን የያዘው እሱ ነው። በሯ ጋ ሲደርስ ቀስ አለ። ወደ በሩ አየ። አለፈ።

እየጮኸች ወጣች። መንገዱ ላይ አቧራ ብቻ ነበር።

«እያየ አለፈኝ» አለች። ለአፍታ እሳቱን ረሳችው።

አሮጊቷ ግድግዳ ይዘው እስከ በረንዳው መጡ። የምራታቸውን ፊት ሲያዩ ክርክሩን ተዉት። «በይ» አሉ፣ «በምን ልትወስጂኝ ነው?»

ከጎረቤት ግቢ አሸዋ የሚመላለስበት የእጅ ጋሪ ነበር። አሮጊቷ ሲቀመጡበት ለሻንጣው ቦታ አልተረፈም፤ ተወችው። ልጇን ቀሚሷን አስይዛ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ጋሪው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር አማቷ፣ «ቀስ በይ፤ አሸዋ አይደለሁም» ይሏታል።

ወደ ኋላ ዞራ ያየችው አንዴ ብቻ ነው። እሳቱ የተራራውን አናት ተሻግሮ ነበር። ነበልባሉ ከዛፎቹ በላይ ሌላ ጫካ ሆኖ ቆሟል፤ ድምፁ የሞላ ወንዝ ነው፤ አመዱ ሳይቸኩል እንደ ላባ ይወርዳል። ከጫካው የወጡ ድኩላዎች ሰው ሳይፈሩ ከጋሪው ጎን አለፉ። ጥንቸል ይሮጣል፣ አጠገቡ ቀበሮ ይሮጣል፣ አንዱ ሌላውን አያየውም። ልጇን ሊወስድ የመጣ ነገር እንዴት እንዲህ ያምራል? ጋሪውን እንደያዘች ቆመች።

«እማዬ፣ ተራራው ይተነፍሳል» አለች ልጅቷ።

«ይተንፍስ» አሉ አያቷ። «አንቺ ተራመጂ።»

ድልድዩ ጋ ሊደርሱ ሲሉ መኪናው ባዶውን እየበረረ ተመለሰ። ከወንዙ ማዶ ሰው ሲያወርድ ሦስቱን አጥቷቸው ነው። ዘሎ ወረደ፤ አሮጊቷን አቅፎ ጫናቸው።

«አየኸን፤ አለፍክ» አለችው።

አፉን ከፈተ። እሷን አየ፤ ቀሚሷን ጨምድዳ የያዘችውን ልጅ አየ። አፉን መልሶ ዘጋ።

«አጥፍቻለሁ» አለ።

ሰው የተሰበሰበው ከወንዙ ማዶ ባለ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ወሬው ቀድሟቸው ገባ፤ አባት የሌላትን ሕፃን ከነእናቷ ጥሎ መጣ ተባለ። የሰፈሩ ሊቀመንበር የሆኑ ቁጡ ጡረተኛ ጠባቂውን በሰው ፊት አቁመው ለምን ብለው ጠየቁት። እሱ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብቻ አለ። እንግዲያው ማማውን ለሌላ ሰው አስረክቦ ከአገራችን ይሂድልን አሉ። ብዙ ሰው ጭንቅላቱን በአዎንታ ነቀነቀ። እሷ ግድግዳ ተደግፋ እንደተቀመጠች፣ ይበለው አለች በሆዷ። ሆዷ ግን አልተባበራትም።

ያኔ ልጅቷ ጆሮዋ ሥር ተጠግታ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ጋሼ ማማ ጨርቁን አይቶ አይደል ያለፈው? ጠዋት ስትሰቅዪው ወንበሩን የያዝኩልሽ እኮ እኔ ነኝ።»

ጨርቁ አለ ማለት ሰው የለም ማለት ነው፤ ደንቡ ይሄ ነው። እሱ ይህን ከድልድዩ ጀምሮ ያውቃል። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ነፃ ነበር። እሷ ከተናገረች ደግሞ ሰፈሩ ምን እንደሚል አላጣችውም፤ በገዛ እጇ ልጇን ልታስፈጅ ነበር ይላል፤ ዕድሜ ልኳን ይላል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እሱም አይናገርም፤ እሷ ሻንጣዋን እንደተወችው፣ እሱ ስሙን ጥሎ ይሄዳል። ይሄዳል...

ተነሳች።

«ጨርቁን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሳንወጣ ሰቀልኩት። እሱ ያደረገው ያስተማረንን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከኋላ አንዲት ጎረቤቷ፣ ሰው ሳይወጣ ጨርቅ፣ ሙሽራ ሳይመጣ እልልታ ብላ ስታጉረመርም አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁ ግን ክፋት አልነበረበትም፤ በዚያ ቀን ያልፈራና ያልተሳሳተ ሰው እዚያ አልነበረም። ሊቀመንበሩም ጠባቂውን ይቅርታ ጠየቁ።

እሱም ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ልጅሽ ትሰማ ነበር» አላት።

እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። የተራራውን እሳት አይታ የማይታመን ነገር አየሁ ብላ ነበር፤ ለካ አላየችም። እናት በልጇ ዓይን እንዳታንስ ብሎ ስሙን የሚያቃጥል ሰው በዓለም ላይ አለ። ከሰፈሯ በላይ ባለው ማማ ላይ ነው የኖረው።

አማቷ የልጅ ልጃቸውን ተደግፈው ደረሱባቸው። ሁለቱም ደንግጠው ሊነሱ ሲሉ በእጃቸው መለሷቸው።

«ዓይኔ ደከመ እንጂ አልታወርኩም» አሉ። «ልጄን ቀብሬዋለሁ። ምራቴን ግን አብሬ አልቀበርኳትም።» ከዚያ ልጅቷን ይዘው፣ ብርድ ነው ብለው ገቡ። ብርድ አልነበረም።

ዝናቡ ሲመለስ ተጋቡ። ሰው ስለ ሠርጋቸው ሲጠይቃት ግን እሷ የምታወራው ስለዚያ የእሳት ቀን አመሻሽ ነው። ነፋሱ ድንገት ዞረ። ወደ ቤቶቹ ሲወርድ የነበረው እሳት ቆመ፤ አመነታ፤ ወደ በላው መሬት ተመልሶ የሚበላው አጣ። ሰው ሁሉ ከአዳራሹ ወጥቶ ሜዳው ላይ ቆመ። ተራራው ከላይ እስከ ታች ፍም ሆኖ፣ ኮከብ የሞላው ሰማይ መሬት ላይ የተዘረጋ ይመስል ነበር።

«ፈራህ?» አለችው።

«እሳቱንስ ለምጄዋለሁ» አላት፣ እጇን ሳይለቅ። «ያልለመድኩት አንቺን ነው።»