ቅቤ የጠጣው የባሌት ጫማ

እኔን ብሎ የባሌት ባለሙያ። ስነሳም ስቀመጥም ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ የሚል አሮጊት፣ ፊደልን ከሩቅ የምሳለም፣ ምን ጥልቅ አድርጎኝ ከመድረክ ጓሮ እንደገባሁ ባሰብኩት ቁጥር በራሴ እስቃለሁ፣ «አርፈሽ ፀሐይሽን አትሞቂም ነበር ወይ ዘርፌ» እላለሁ። ደግሞ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ በጥላ፣ በመንፈስ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም። አንኮበር ልጅ ሆኜ ሰዉ ሁሉ ከገደሉ ስር የሴት ድምፅ ይሰማል ብሎ ሲንቀጠቀጥ «ንፋስ ነው፣ ተኙ» የምለው እኔ ነበርኩ። ባሌ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን በህልሜ መጥቶ አያውቅም፣ በሕይወት እያለም ሲጠሩት የማይመጣ ሰው ነበር። እና ይሄን የምነግራችሁ አምኜበት ሳይሆን በጆሮዬ ሰምቼው፣ በአፍንጫዬ አሽትቼው፣ በጣቴ ዳስሼው ነው፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ አድርጉት።

የልጄ የጌታነህ ልጅ ረድኤት፣ እኛ ሬዱ ነው የምንላት፣ እናቷ ዐረብ አገር ከሄደች ጀምሮ እዚህ ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። ናሆም የሚባል ቀጭን መምህር ከአዲስ አበባ መጥቶ ባሌት የሚሉትን ነገር ማስተማር ሲጀምር ሄዳ ገባችበት፣ ከዚያ ወዲያ ቤቴ ቤት መሆኑ ቀረ፣ የአልጋዬን ራስጌ ይዛ እግሯን ጣራ ታስነካለች፣ ወጡ እስኪበስል በእግሯ ጣት ቆማ ትጠብቃለች። በጣት ስላችሁ በጣት ነው፣ ተረከዝ የለ፣ ምን የለ፣ ልክ እንደ እንዝርት በጫፏ ቆማ ትሾራለች። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈትል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የሚሾር ነገር ካየሁ ዓይኔን መንቀል አልችልም። እግራችንም አንድ ልክ ነው፣ እሷ የሰለቻትን ሸራ ጫማ እኔ ነኝ የምጨርሰው፣ ገበያ ስወጣ «እማማ ወጣት ሆኑ» እያሉ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

እኔም በጊዜዬ ቀላል አልነበርኩም። አንኮበር ሰርግ ካለ አንገቴን እንዲህ ወደ ግራ ሰበር አድርጌ ስገባ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር። ካገባሁ በኋላ የባሌ ዘመዶች «የሰው ሚስት አንገቷን አትሰብቅም፣ ይብቃሽ» አሉኝ፣ በቃኝ።

ታዲያ ጌታነህ ልጄ በደሴ መስመር ከባድ መኪና ነው የሚነዳ፣ ደብረ ሲና ምሳ ሲበሉ ጓደኞቹ «ልጅህ እኮ በካልሲ ብቻ ትጨፍራለች አሉ» ብለው አቃጥለውት፣ ፊቱን እንደ ጣርማበር ጭጋግ አጨፍግጎ መጣልኝ።

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ መጥቼ አየዋለሁ። ደስ ካላለኝ ግን ከነገ ጀምሮ የለም» አለ።

«አንተም ስትወለድ ብዙ ደስ አላልከኝም፣ ግን መልሼ አልላክሁህም» አልኩት።

አልሳቀም። ሬዱ ከጓዳ ሰምታዋለች፣ ያን ማታ እራቷን አልበላችም። ያንን ጭፈራ እንዴት እንደምትወደው እኔ ነኝ የማውቀው፣ ተኝታ እንኳ ጣቶቿ ከብርድ ልብሱ ስር ይንቀሳቀሳሉ።

የምትጫወተው ከባህር ማዶ የመጣ የጥንት ጨዋታ ነው አሉ፣ እሷ ከጭጋግ የተሠራች ሙሽራ ናት፣ የንጉሥ ልጅ ይወዳታል፣ ግን ተረከዟ መሬት ከነካ ትቀልጣለች፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣቷ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም ወጥተው ብቻዋን ትቀራለች፣ ትሾራለች፣ ትሾራለች፣ ያ ሽክርክሪት ነው ሰው የሚገድለው። ናሆም «እማማ፣ በዓለም ላይ እሱን አድርሰው የሚጨርሱት ስንቶች መሰሉዎት» ይለኛል፣ እኔ ምኑን አውቄ፣ «የኔዋ ትጨርሰዋለች» እላለሁ።

እዚህ ላይ ነው እጄ የገባበት። ለጨዋታው ተብሎ አዲስ ጫማ መጣላት፣ በዋዜማው ብዳስሰው አፍንጫው ድንጋይ። ይሄ ጫማ ነው ወይስ የዘነዘና ልጅ ነው አልኩ፣ ልጄን ጣቷን ሊያወልቅብኝ ነው። እኛ አገር የደረቀ ነገር በምን ይለፋል፣ በቅቤ ነዋ። ለፀጉሬ ያስቀመጥኩትን ለጋ ቅቤ አምጥቼ፣ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ፣ እያሸሁ፣ እየጠጣ፣ እያሸሁ፣ እየጠጣ፣ እንደ ሕፃን ጆሮ እስኪለሰልስ አለፋሁትና ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ምርቃት የጠበቅሁ ይመስለኛል።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አዳራሹ ጓሮ ሆነን ሬዱ ቦርሳዋን ስትከፍት ሽታው ቀድሟት ወጣ። ናሆም ጫማውን ያዘው፣ አፍንጫው እንደ እርጥብ ሊጥ እጥፍ አለለት፣ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እማማ፣ ይሄ ጫማ እኮ ድርቀቱ ነው ሰው የሚያቆመው።»

ሬዱ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ጫማውን ከወንበሬ ኋላ ሚስማር ላይ ሰቀሉት፣ አሮጌውን፣ አፍንጫው ያለቀውን አደረገች። እኔ ደግሞ አላፍርም መቼም፣ «በሞቴ ይሄን ለአስካለ እንዳትነግሩብኝ» ብዬ ለመንኳቸው። አስካለ ጎረቤቴ ናት፣ ከአንኮበር ጀምሮ አብረን ያደግን፣ ምላሷ ምላጭ፣ ከሰማች እስክቀበር መሳቂያዋ ነኝ። እሷ በዚያ ሰዓት ከጌታነህ አጠገብ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ተጀመረ። ልጆቼ፣ ከፊት የሚያይ ሰው ምንም አላየም እላችኋለሁ፣ እኔ ከመጋረጃው ስንጥቅ ነው ያየሁት። እዚያ ብርሃኑ ላይ ላባ ናት፣ ትንሳፈፋለች፣ ፈገግታዋ አይጠፋም፣ መጋረጃውን አልፋ ወደኛ ስትገባ ግን ያንን ፈገግታ እንደ እንስራ አውርዳ ታስቀምጠዋለች፣ እንደ አራሽ በሬ ታለከልካለች፣ ላቧ መሬት ይንጠባጠባል፣ ውኃ ተጉመጥምጣ፣ ካልሲዋ ላይ ደም ሲወጣ አይታ እንዳላየች ሆና፣ ፈገግታዋን መልሳ ተሸክማ ትወጣለች። እኔ በዚያ ሁሉ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም፣ አጨዳም እንዲህ አይደለም።

የመጨረሻው፣ የብቻዋ ሽክርክሪት ሲቀር ገባችና እግሯ ከዳት። አሮጌው ጫማ ሰበር ብሎ ተጣጠፈ፣ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ወንበሬ ስር ወደቀች፣ ጫማውን አውልቄ እግሯን እቅፌ ላይ አድርጌ ማሸት ጀመርኩ፣ በዓይኔ እያየሁት ያብጣል።

«እምዬ፣ አልችልም። እሱን ካልጨረስኩ አባቢ እኮ ያስቆመኛል።»

«ዝም በይ፣ ተንፍሺ።»

«ያስቆመኛል እኮ እምዬ።»

ይሄን እንዳለች መብራት ሄደ።

መብራት መሄዱማ ምን ይገርማል፣ የኛ መብራት መምጣቱ ነው የሚገርም። ዘፈኑም አብሮ ተቆረጠ። ናሆም ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ወደ ውጭ ሲሮጥ ሰማሁት። ጭጋግ ሆነው የሚጫወቱት ልጆች ፈርተው እኔ ላይ ተኮለኮሉ፣ ነጠላዬ ላይ የተቀመጡም አሉ። መድረኩ ባዶ ነው፣ እመኑኝ፣ ከኛ የጎደለ ሰው አልነበረም። አዳራሹ መጀመሪያ ተንጫጫ፣ አንዱ አፏጨ፣ ከዚያ ደግሞ ጭጭ አለ፣ እንደ ቅዳሴ።

ያኔ ነው የሰማሁት። እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር፣ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ፣ እርጥብ እጅ ሊጥ ላይ ሲያርፍ እንደሚያሰማው። የሬዱ ጫማማ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ጠቅ ጠቅ ነው የሚል፣ ይሄ ግን የለፋ ነገር ኮቴ ነው። መድረኩ ላይ ሄደ፣ መለስ አለ፣ ቆመ። ቀጥሎ እንዝርት ጭን ላይ ተነድቶ ሲለቀቅ ያለው እዝዝዝ የሚል ድምፅ መጣ፣ ዕድሜዬን የሰማሁት ድምፅ ነው፣ አልስተውም፣ አልቆመም፣ አልቆመም። ሰዎቹ በስልካቸው መብራት ሲያበሩ መጋረጃው ከወዲያ በኩል ሰማያዊ ሆነ፣ በላዩ ላይ የሆነ ጥላ ዞረ፣ ዞረ። የቅቤ ሽታ መጣብኝ። ልነሳና ልይ እንዳልል የልጅቷ እግር እቅፌ ላይ ነው።

«እምዬ» አለች ሬዱ በሹክሹክታ፣ «ማነው?»

«ዝም በይ» አልኳት። ብያታለሁ።

አዳራሹ ሙሉ በአንድ ትንፋሽ «ውይ» አለ፣ አንድ ሰው ሊወድቅ ሲል እንደሚባለው፣ ከዚያ ጭብጨባው እንደ በረዶ ጣራው ላይ ወረደ፣ ጄኔሬተሩም ዱዱዱ ብሎ ተነሳ፣ መብራት መጣ።

መድረኩ ላይ ማንም የለም። ሰዉ ግን ቆሞ «ሬዱ፣ ሬዱ» ይላል። ልጆቹ ደግፈው አወጧት፣ በአንድ እግሯ ቆማ እጅ ነሳች፣ ፊቷ ነጭ ሆኗል፣ እነሱ ደክሟት መሰላቸው። እኔ ወደ ሚስማሩ ዞርኩ። ጫማው እንደተሰቀለ ነው፣ ግን ይወዛወዛል፣ ንፋስ እንዳትሉ መስኮት የለም። ብዳስሰው ሞቋል፣ እግር ወጥቶበት ገና ያልበረደ ጫማ ታውቁ የለ፣ እንደዚያ። አፍንጫው ላይ ትቢያ ይዟል። ናሆም መድረኩን በባትሪ እያበራ ጎንበስ ብሎ ቆየና ጠራኝ፣ ጥቁሩ ሳንቃ ላይ ክብ ክብ የቅባት ነጥብ፣ ሳንቲም የሚያክል፣ ከዳር እስከ መሃል፣ መሃል ላይ ብዙ ሆኖ። አንዱን በጣቴ ነክቼ አሸተትኩ። የኔው ቅቤ ነው፣ የገዛ ቅቤዬን አላጣውም። ናሆም አየኝ፣ አየሁት፣ መወልወያ አመጣ።

ጌታነህ ያ ግዙፍ ሰውዬ ዓይኑ ቀልቶ ጓሮ ገባ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ሬዱዬ» አለ፣ «ያ በጨለማ፣ ያለ ዘፈን የሠራሽው ነገር፣ ተረከዝሽ እኮ አንዴም መሬት አልነካም። መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ሸርተት ስትዪ ልቤን ልታወጪው ነበር። እንዴት ነው የተመለስሽው?»

ሬዱ አፏን ልትከፍት ስትል ጭኗን ቆነጠጥኳት።

«ይሄን የማስቆም እኔ ማን ነኝ» አለና አቀፋት፣ እኔንም ጨምሮ አቀፈኝ፣ ከዚያ አፍንጫውን አንገቴ ላይ አድርጎ «እማዬ፣ ቅቤ ቅቤ ትያለሽ» አለ። አሮጊት መቼ ሌላ ነገር ትላለች።

ቤት ገብተን እግሯን በሙቅ ውኃ አጥቤ ካሰርኩላት በኋላ፣ «የወደደው ያልጨፈርኩትን ነው» አለችኝ።

«እግርሽ ሲድን ትጨፍሪለታለሽ፣ ዕዳሽን ትከፍያለሽ፣ አለቀ።»

«እምዬ፣ በጨለማው ማነው ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ፣ ለምን አልመለሽልኝም?»

«ዝም በይ አልኩሽ እኮ።»

«ምንም አላልሽኝም። እጅሽማ እግሬ ላይ ነበር፣ ያሸኛል። አንቺ ግን...» አለችና ተወችው፣ ብርድ ልብሷን ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ፣ ይሄም ራሱ ደስ አላለኝም። ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ ድምፅ የለውም። ሲጥ የሚለው በር ማን ዘይት ቀባው እያልኩ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ደግሜ ተቀመጥኩ፣ ምንም። ጫማ ላደርግ ጎንበስ ስል የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቁሯል። እንቅፋት ነው አልኩ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የመታኝ እንቅፋት።

አስካለ ደጃፏ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ስለ ጫማው አንድም ሰው አልነገራትም፣ ሬዱንም ናሆምንም አስምዬ ጠይቄያለሁ። አጠገቧ ቁጭ አልኩና፣ እንደ ዋዛ፣ «ጭፈራው እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ልጅቱ ጎበዝ ናት» አለች ምስሯን እየነፋች።

«መብራት ከጠፋ በኋላስ?»

ቀና አለች፣ እግሬን አየች፣ አንገቴን አየች፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ዘርፌ፣ አንኮበር አንገትሽን ሰበር አድርገሽ ስትገቢ አጠገብሽ ቆማ የምታጨበጭበው ማን ነበረች? እኔን አታሞኚኝ። ሌላ ጊዜ ግን ቅቤውን ቀንሺ፣ ልትወድቂ ነበር።»