የታጠፈው ቢላዋ

የብረት ነጋዴው ሬሳ ጠዋት ከአሮጌ መጋዞቹ ክምር ሥር ተገኘ። ቢላዋው አጠገቡ ወድቋል። ከእጀታው በላይ ሦስት ነጥብ ተመትቶበታል።

መርማሪዋ በመጀመሪያ የያዘችው ከሟች ጋር በቦታ ሲካሰስ የከረመውን ሥጋ ሻጭ ነበር። ሌሊቱን ሆስፒታል ልጁን ሲያስታምም እንዳደረ ተረጋገጠና ለቀቀችው። ከዚያ ሦስቱ ነጥቦች ወደ ጋሽ ሞረድ መሯት። ከአሮጌ መጋዝ ቢላዋ የሚሠራው እሱ ነው። በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት ነጋዴውን የማይረባ መጋዝ ሲቀላቅል ይዞት፣ ሰው ፊት «ሌባ» ብሎታል።

ጋሽ ሞረድ ተይዞ ጣቢያ ሲገባ ቢላዋውን አሳዩት። ጫፉ አጥንት ነክቶ ታጥፏል። የማን ሥራ እንደሆነ ወዲያው ገባው።

የአባታቸውን ምልክት የሚመቱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሱና ታናሽ ወንድሙ። ያሳደገው፣ ሙያ ያስተማረው፣ ዓምና ሱቅ የከፈተለት ወንድሙ አሁን በሩ ላይ ቆሟል። ዋስ ሊሆነው ነው የመጣው። ልጆቹ ገና ጥርስ አልነቀሉም። ጋሽ ሞረድ፣ እኔው ልሸከመው፣ ብሎ ቆረጠና አፉን ዘጋ።

መርማሪዋ ቢላዋውን ገለባበጠችው። «አገር የሚያወራለት ቢላዋ ይሄ ነው እንዴ? ቆርቆሮ እኮ ነው።»

የነፍስ ግድያ ክስ የቻለው ሰውዬ ይህን አልቻለም።

«ከኔ እጅ የወጣ ቢላዋ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም» አላት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «እስቲ ያሳዩኝ» አለችና ወደ ቢላዋ መሥሪያው ወሰደችው። ወንድሙም ተከተለ።

ጋሽ ሞረድ ከራሱ መጋዝ ቁራጭ አግሎ ዘይት ውስጥ ነከረ። በመዶሻ ሲመታው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። መርማሪዋ ከሟች ግቢ ያመጣችውን የመጋዝ ቁራጭም እንዲሁ አደረገ። እሱ ታጠፈ። የዘመኑ መጋዞች ጥርሳቸው ብቻ ጠንካራ እንደሆነ፣ ገላቸው ለቢላዋ እንደማይሆን፣ እሱም ሳይሞክር እንደማይገዛ አስረዳት።

«ይህን ሳያውቅ ምልክትዎን የሚመታ ሰው ማነው?» አለችው።

የመለሰላት ሌላ ነው።

«ወንድም ጋሼ» አለ ታናሽየው፣ ዓይኑን ከተሰበረው ብረት ሳይነቅል፤ «ከሰል ግዛ እያልክ የምትልከኝ ለካ ለዚህ ነበር።»

አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲሠሩ ይህችን ሙከራ ብቻ አላሳየውም። ሁሉን ካስተማርኩት ነገ ለምን ይፈልገኛል፣ ብሎ ነበር።

ወንድሙ ሳይጠየቅ ተናገረ። ነጋዴው የማይሆነውን መጋዝ ምርጥ ነው ብሎ ሸጠለት። ደንበኞቹ የታጠፈ ቢላዋ እየመለሱ ሳቁበት። ሱቁ ሰው ራቀው። ቢላዋውን ሊያሳየው ቢሄድ፣ ነጋዴው «የወንድምህ ዓይን የለህም፤ እኔ ምን ላድርግህ?» ብሎ እሱም ሳቀ። ያን ጊዜ እጁ ቀደመው።

መርማሪዋ ለታላቁ በያዘችው ካቴና ታናሹን አሰረች።

ጋሽ ሞረድ ብቻውን ቀረ። ስስቴ ነው ያሳሰረው፣ አለ። ምድጃው ላይ ከሰሉ አልቋል፤ የሚልከው ሰው ግን የለም።