ስልሳ ጫማ መረብ

ፌክላ እጇን ጨብጣ በመረቡ ቀዳዳ ሰደደችው። ምንም ሳይነካው እስከ ክርኗ ገባ። የነጭ ዓሣ መረብ ቢሆን ኖሮ ጭብጧን ይዞ ያስቀረው ነበር።

«ዋስካ፣ ይሄ እኮ ባለ አራት ኢንቹ አይደለም» አለች።

የአጎቷ ልጅ ዋስካ ጀልባው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ቤንዚን እየሞላ ነበር። ቀና እንኳ አላለም። «ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አታነቢም?»

አነበበችው። መረቡ የነበረበት የፕላስቲክ ሣጥን ክዳን ላይ በጥቁር ቀለም «4» የሚል ተጽፏል። ቀለሙ ገና ይሸታል።

«አሁን ነው የጻፍከው!»

«ቀስ በይ ባክሽ! መንደሩን ሁሉ ልትጠሪብኝ ነው?»

መረቡ ንጉሥ ሳልሞን የሚባለው ትልቅ ዓሣ መያዣ ነው። እሱን ማጥመድ ደግሞ ሰኔ ከገባ ጀምሮ ተከልክሏል፤ በሬድዮ ጠዋት ማታ ይነገራል። እንቁላሉን ለመጣል ወንዙን ሽቅብ የሚወጣው ዓሣ ከዓመት ዓመት እየመነመነ ስለሄደ ዘንድሮ ማንም ሰው አንድም እንዳይዝ ተብሏል። ነጭ ዓሣና ሌላ ሌላውን ለሚፈልግ ግን መንገድ ተትቶለታል። የመረቡ ቀዳዳ ከአራት ኢንች አይስፋ፣ ርዝመቱ ከስልሳ ጫማ አይብለጥ እንጂ መያዝ ይችላል። የተቆጣጣሪዎቹ አውሮፕላን በቀን ሁለቴ ዝቅ ብሎ ያልፋል። የተያዘ ሰው መረቡን ብቻ ሳይሆን ጀልባውንም ሞተሩንም ሊያጣ ይችላል። እነፌክላ ያላቸው ጀልባ ደግሞ ይሄ አንድ ብቻ ነው።

«አንድ ብቻ» አለ ዋስካ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ንጉሥ ለአፓ። ከዚያ መረቡን አውጥተን ወደ ቤት። አውሮፕላኑ እንደሆነ አሁን ነው ያለፈው።»

«ብንያዝስ?»

«አታካብጂ። ማነው የሚይዘን፣ ትንኙ?»

ሳቀ። ቤንዚኑ ግን ከጄሪካኑ አፍ እየተንጠባጠበ ጫማው ላይ ይፈስሳል። እሱም ፈርቷል ማለት ነው። ይሄ ፌክላን ይበልጥ አስፈራት፤ ዋስካ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሲፈራ አይታው አታውቅም።

አፓ አያታቸው ናቸው። ከሆስፒታል ከተመለሱ አሥር ቀን ሆኗቸዋል። የቆርቆሮ ሥጋውን በሹካ ገፋ ገፋ ያደርጉና ይተዉታል። ጠዋት ጠዋት «ዓሣ ገባ?» ይላሉ፤ ፌክላ «ገና ነው» ትላለች፤ እሳቸውም ወደ ሻያቸው ይመለሳሉ። እናቷ ለሥልጠና ወደ ከተማ ስትሄድ «እማ፣ አደራሽን፣ እንዲበሉ አድርጊ» ብላት ነው የሄደችው።

«እማ» ያለቻት ለማቆላመጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፌክላ የተወለደችው ሴት አያቷ፣ የአፓ ሚስት ኑያልራን በሞቱ በሦስተኛው ወር ነው፤ ስማቸውም ሁለተኛ ስም ሆኖ ለእሷ ተሰጣት። በዚህ መንደር ስም የወረሰ ዝምድናውንም ይወርሳል። ስለዚህ የገዛ እናቷ «እማ» ትላታለች፤ አፓ ደግሞ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ፊት ሳይቀር «አሮጊቷ!» እያሉ ይጠሯታል። በአሥራ አራት ዓመቷ! ኑያልራን በሕይወት ሳሉ በፈንታቸው አፓን «ሽማግሌው» ይሏቸው ነበር አሉ። ፌክላ ግን እንዲህ ብላ መልሳ አታውቅም። ታፍራለች።

«የአያታችን መረብ አለ አይደል?» አለች። «ባለ አራት ኢንች ነው። ለክቼዋለሁ።»

«ርዝመቱስ?»

ኑያልራን የበረዶውን ወራት ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው የቋጠሩት መረብ ዘጠና ጫማ ነው። ያኔ የሚለካ አልነበረም። ሱቁ ውስጥ የነበሩት አጫጭር መረቦች ደግሞ አዋጁ በተነገረ ማግስት ተሸጠው አልቀዋል።

«ትርፉን ጠቅልለን ብናስረውስ?»

«ወራጁ ውሃ ይፈታዋል። ከተቆረጠ ነው እንጂ።» ዋስካ ቢላውን ከወገቡ አውጥቶ ዘረጋላት። «እንኪ፣ ቁረጪዋ! እኔ የእሳቸውን የእጅ ሥራ ቢላ አላስነካም። አባቴም እምቢ ብሏል። አንቺ ትደፍሪያለሽ?»

ፌክላ ቢላውን አልተቀበለችውም።

«ደግሞ አፓ ራሳቸው አይደሉ እንዴ የመንደሩ ስብሰባ ላይ ‹ካልያዝነው ዓሣው ተቀይሞን ይቀራል› ያሉት? እሳቸው ናቸው የሚያውቁት ወይስ ሬድዮው?»

የንጉሥ ሳልሞኑ ቀይ ሥጋ ዓሣ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፓ ጣታቸውን እየላሱ ሲበሉ በዓይኗ መጣባት። በጣም ጓጓች። ያስጨነቃትም ይሄው ነው፤ ዋስካ የሚፈልገውን እሷም ትፈልገዋለች።

«ጠብቀኝ» አለችው።

«ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ እንዳታማርሪ።»

ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። አፓ ዓሣ ማጨሻው ቤት ደጃፍ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው መስቀያው ባዶውን ቆሟል።

«አሮጊቷ! ዓሣ ገባ?»

«አፓ…» ትንፋሿ ተቆራረጠ። ዋስካን ሳታጋልጥ እንዴት እንደምትጠይቅ መንገዱን ሙሉ ስታስብ ነበር የመጣችው፤ ሁሉም ጠፋባት። «ንጉሥ ሳልሞን ባመጣልዎ ከየት መጣ ብለው ይጠይቁኛል?»

አፓ ቁልቁል ወደ ጀልባው አዩ። ዓይናቸው ቢደክምም እዚያ ማን እንዳለ አልጠፋቸውም።

«እኔ ስብሰባ ላይ እጮኻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ነገም እጮኻለሁ፣ እስኪሰለቹኝ። ወንዝ ላይ ግን ተደብቄ አላውቅም። የተደበቀ ዓሣ ለጎረቤት እንዴት ይላካል? በር ዘግቼ ብቻዬን ልበላው ነው?»

«እንግዲያው የአያቴን መረብ…» አለች። «ሠላሳ ጫማ ይተርፋል። መቆረጥ አለበት። ይፍቀዱልኝ።»

አፓ እጃቸው ላይ ያረፈችውን ትንኝ እፍ አሏት። ፌክላ «ምነው ባልጠየቅሁ» አለች በሆዷ።

«ለምን እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አሉ በመጨረሻ። «የእኔ መረብ አይደለም፣ ያንቺ ነው። እኔ ሻይ ነው ያፈላሁልሽ። የቋጠርሽው አንቺ። ጣትሽ እየደማ።»

ፌክላ ሳታስበው ጣቶቿን አየች።

«ባበላሸውስ?»

«ስትሠሪውም ሁለቴ አበላሽተሽው ፈተሽዋል። ያኔ እንዴት እንደሰደብሽኝ!» አሉና ሳቁ። ከሆስፒታል ከመጡ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

መረቡን አውጥታ ሣሩ ላይ ዘረጋችው። ሜትር አልነበራትም። «ሁለት እጅሽን ግራና ቀኝ ዘርግተሽ ለኪው፣ አሥር ጊዜ፤ የሰው ክንድ ሲዘረጋ ስድስት ጫማ ነው» አሏት አፓ።

«የእኔ እጅ አጭር ነው።»

«ይጠርላ። አጠረ ብሎ የሚከስሽ የለም።»

አንድ፣ ሁለት… ስምንት ላይ ስትደርስ ታች ወንዙ ዳር ሞተሩ ተነሣ። ፌክላ ቁጥሩ ሊጠፋባት ምንም አልቀረውም። ሮጣ ብትወርድ ዋስካ «ወሬ ብቻ!» ብሏት ይሄዳል። ዘጠኝ። አሥር። እዚያው ላይ ተንበረከከችና በተቻላት መጠን ጮኸች።

«ዋስካ! እየቆረጥኩት ነው!»

መንደሩ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። ሞተሩ አሁንም ይጮኻል።

ማጨሻው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰካውን የኑያልራንን ግማሽ ክብ ቢላ አነሣች። መረቡን ለመቁረጥ መወጠር አለበት፤ ለመወጠር ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ዞር ብላ አያቷን አየቻቸው። ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ ቢሆንም ቃሉ ወጣ።

«ሽማግሌው» አለች፣ «ጫፉን ያዝልኝ። ጠበቅ አድርገህ።»

አፓ ቅንድባቸውን ብድግ አደረጉ፣ እሺ ማለታቸው ነው፤ ሁለት እጃቸውንም ዘረጉ።

ፌክላ ስለቱን የመጀመሪያው ክር ላይ አሳረፈች። ጀልባው ከወንዙ ዳር ሳይነቃነቅ ሞተሩ ዝም ማለቱን ያስተዋለችው አሥራ አንድ ክር ከቆረጠች በኋላ ነው።