አስጎብኚው የቀለደባቸው ሙታን

አስጎብኚው ክሪስፒን ሌንግ ከገደል ሥር ጭንቅላቱ ተፈጥፍጦ ሲገኝ፣ በስካርኔስ የዓሣ አጥማጆች መንደር አንድም ሰው አላለቀሰም። የሚለቀስለትም ሰው አልነበረም። በስኮትላንድ ጠረፍ የቅርስ መንገድ ላይ ከተሜ እግረኛ እየነዳ፣ ባሕር በበላቸው ሰዎች ሲያስቅ የኖረ ቀጣፊ ነው።

ሳጅን ታሎክ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳያስብ ገዳዩን አግኝቷል።

«ሽማግሌው አሌክ ማየር ነው፣ አለቃ። ትናንት ሌንግን "ከነጀልባው የሰመጠውን የካፒቴን ስሌተርን ስካር አንዴ እንኳ ብትደግም አፍህን እዘጋዋለሁ" ብሎታል። ጩኸቱ የተሰማው በአሥር ሰዓት፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሦስቱም ተጠርጣሪዎች ታች ሻይ ቤት ነበሩ። ከገደሉ ጫፍ እስከዚያ በቅርስ መንገዱ አርባ ደቂቃ ያስኬዳል። ገዳዩ በድሮው አቋራጭ ነው የወረደው፤ እሱን ደግሞ የመንደሩ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ጉልበቱን አይተሃል?» አለችው ኢንስፔክተር ሞራግ ጌደስ። «ከወንበር እንኳ ተደግፎ ነው የሚነሳው።»

«ታዲያ ማን ቀረ? ወይዘሮ ፕሬንቲስ ቱሪስት ናት። ፕራት የለንደን መምህር ነው፤ ከዚህ በፊት ይህን አገር ረግጦ አያውቅም።»

«ነኝ ይላላ።»

ሦስቱንም ሙዚየም በተደረገው የመረብ መጋዘን ሰበሰበቻቸው።

«መቼም የሞተ አይወቀስም ይባላል» አለች፤ «ሌንግ ግን አሳማ ነበር።»

ወይዘሮ ፕሬንቲስ ኪኪ ብላ ሳቀች። አሌክ ደንግጦ የመልሕቁን ብረት ጨበጠ። የፕራትም እጅ የበሩን ብረት መቀርቀሪያ ይዞ ነበር።

«እዚህ ዓሣ አጥማጅ "አሳማ" የሚለውን ቃል ከሰማ፣ ባሕሩ እንዳይበላው ብረት ይነካል። ለንደንም እንዲሁ ነው፣ መምህር?»

ፕራት እጁን ሰበሰበ።

«እዚህ ነው ያደግከው፤ አቋራጩን ታውቃለህ። አባባ አሌክ አይወርዱትም፤ ወይዘሮዋ መኖሩንም አልሰሙ። እውነተኛ ስምህ ማነው?»

«ስሌተር» አለ በመጨረሻ። «ወሬውን በጆሮዬ ልሰማ መጣሁ። አባቴ ሰክሮ አምስት ሰው አሰመጠ እያለ ሲያስቅበት አገኘሁት፤ ገፋሁት። አባቴ ጠጥቶ አያውቅም!»

አሌክ ከእግር እስከ ራሱ በንቀት አየው።

«የአባትህን ስም ልታነጻ እኔን ልታሳስር ነበር፣ አንተ ፈሪ» አለው። «ከዚያች ጀልባ የተረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሌንግ ዕድሜ ልኩን ዋሽቶ አንዴ ሳያውቀው እውነት ተናገረ። አባትህ ሰክሮ ነበር። አርባ ዓመት አፌን የዘጋሁት ለአንተ ብዬ ነው።»