ማማ ቴፓኤሩ የመረጧት ካውያ

ማማ ቴፓኤሩን ሞተው ያገኟቸው የባላቸው ወንድም ፓፓ ፖኪኖ ናቸው። ታሮ የምንለውን ጎደሬ ይዘውላቸው ወደ ስፌት ቤታቸው ሲገቡ፣ ሴትዮዋ ከስፌት መኪናው ሥር በጎናቸው ተዘርረዋል። ጆሮ ግንዳቸው ላይ ደም ረግቷል። በቀኝ እጃቸው አዲስ ነጭ የእንፋሎት ካውያ ይዘዋል፤ ሶኬቱ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፣ የገመዱ ልባስ ተልጦ ሽቦው ይታያል።

ደሴታችን ማውኬ ትንሽ ናት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁላችንም ፈርደን ጨርሰን ነበር። ካውያውን ከኦክላንድ ያመጣችው የወንድማቸው ልጅ ንጋቫይኔ ናት፤ እንግዲያው ገዳይዋ እሷ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በር ያለፈ ሁሉ፣ ከተዘጋው ቤት ውስጥ ካውያ ጠረጴዛውን ሲመታ ሰማሁ ይላል። ዱብ፣ ዱብ። ማማ ቴፓኤሩ ሲተኩሱ ካውያውን አይገፉም፣ እያነሡ ነበር የሚጫኑት፤ ድምፁን የማያውቅ የለም። እኔ አልሰማሁም፤ ግን በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

ከዋናው ደሴት ከራሮቶንጋ የመጣው መርማሪ ሳጅን ቱታይ ግዙፍ ነው፤ ሸሚዙ ላይ አንዲት ጭምዳድ አይገኝም። ቤተሰቡን ያገኘው እንደ ልማዳችን ግቢው ውስጥ በተቀበሩት በማማ ቴፓኤሩ ባል መቃብር ዙሪያ ተቀምጦ ነው።

«ምኑን ትመረምራለህ?» አሉ ፓፓ ፖኪኖ። «ውሃና መብራት ተገናኙ፣ ሴትዮዋ ሞተች። ይቺ ልጅ ቀብሩ ላይ እንዳላያት! ካገሩ ትውጣልን!»

«ቤቱስ ፓፓ? ቤቱም አብሯት ይውጣ?» አለ ሳጅኑ።

«ቤቱ የወንድሜ ነው!»

«ጎሽ፣ ሳልጠይቅዎት ነገሩኝ።»

ንጋቫይኔ ቀና አላለችም። «ያሳደገችኝ እሷ ናት» አለች። «በእጄ ልቅበራት። ከዚያ በኋላ እሰረኝ፣ የፈለግከውን አድርገኝ።»

«ስንት ካውያ ነው ያመጣሽው?»

«ሦስት። ቁርጥራጭ መተኮሻ ትንሽ ካውያ ግዢልኝ ብላኝ ነበር፤ የቱ እንደሚሻላት መች አወቅሁ? አንዱ እጀታው ይታጠፋል። ‹ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው› ብላ ወረወረችው። የእንፋሎቱን ስታይ ደግሞ ‹ጨርቅ እንደ ታሮ ይቀቀላል እንዴ? ውሃ ሲነካው ተለጥጦ ይጣመማል› ብላ ሳቀችብኝ። ሦስተኛዋ ውሃ የላትም፣ አፍንጫዋ ሹል ነው፣ ከበድ ትላለች። እሷን ወደደቻት። ‹ራሷ ትጫናለች፣ እኔ አልደክምም› አለች።»

ሳጅን ቱታይ ወደ ስፌት ቤቱ ገባ። ነጩን ካውያ ገለበጠው። ሆዱ ላይ ሱቅ የለጠፈበት ወረቀት እንዳለ ነው፤ ዳሩ እንኳ አልጠቆረም። ገመዱ ያረጀ አይደለም፣ በመቀስ የተላጠ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሹል አፍንጫዋ ካውያ ቆማለች፤ አጠገቧ ጥቁር ቀይና ነጭ ቁርጥራጮች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ተሰፍተው፣ በጀርባቸው ተደርድረዋል። በጣቱ እየዳበሰ ሄደና አንዷ ላይ ቆመ፤ ስፌቷ ደረቅ ብሎበታል። ከስፌቱ መስመር ውጭ የተረፈውን፣ ወደ ቀዩ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ በጥፍሩ ገለጠው። በሁለቱ እጥፎች መካከል ቡናማ ነጥብ አለች፤ ከቀዩ ወደ ነጩ ታትማለች።

«ይቺን ማን ሰፋት?» አለ ወጥቶ።

«እኔ ነኝ፣ በሞተችበት ቀን ጠዋት» አለች ንጋቫይኔ። «ግን እንዲህ አልነበረችም። እኔ ትርፉን ግራና ቀኝ ከፍቼ ነው የተኮስኩት፤ ኦክላንድ እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ። አክስቴ ልታስተካክለው አንሥታ ተወችው። ‹ቲቫይቫዩ ላንቺ ሠርግ ነው፤ የእጅሽ ስህተት ይኑርበት› አለችኝ።»

ቲቫይቫይ ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው፤ ስናገባ አልጋችን ላይ ይነጠፋል፣ ስንሞት እንጠቀለልበታለን። ይህኛውን ማማ ቴፓኤሩ ለዓመታት ሲሰፉት የኖሩት ከባልንጀራቸው ከማማ አካይቲ ጋር ነው። ሳጅኑ ማማ አካይቲን ያገኛቸው በረንዳቸው ላይ ጆሯቸውን ይዘው ነው።

«ዝም በል እስቲ» አሉት። «እየተኮሰች ነው።»

«የሚሰማኝ የባሕሩ ድምፅ ብቻ ነው፣ ማማ።»

«አንተማ ምን ጆሮ አለህ!»

«ቲቫይቫዩን ለማን ነበር የምትሰፉት?»

«ቀድማ ለምትሞተው። ቃላችን እንደዚያ ነበር።»

«እሳቸው የሞቱ ዕለት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ጉልበቴ አሞኝ ተኝቻለሁ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከቤት አልወጣሁም።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ቀብሩ በሚውልበት ቀን፣ ሳጅን ቱታይ ፓፓ ፖኪኖን፣ ንጋቫይኔንና ማማ አካይቲን ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። እኛም መስኮቱን ሞላነው። ሹል አፍንጫዋን ካውያ አግሎ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የተሰፋ ጥንድ ሰጣቸው።

«ተኩሱልኝ።»

«ወንድ ልጅ ካውያ ይይዛል?» አሉ ፓፓ ፖኪኖ።

«ይሄን ሸሚዝ ሚስትዎ የተኮሰችልኝ መስሎዎት ነው?»

መስኮቱ ሳቀ። ፓፓ ፖኪኖ ጨርቁን አቃጠሉት። ንጋቫይኔ ትርፉን ግራና ቀኝ ከፍታ ካውያውን እየገፋች ተኮሰች። ከዚያ ማማ አካይቲ ካውያዋን ያዙ። ዱብ፣ ዱብ። የመስኮቱ ሰው መሳቁን አቆመ፤ አንዲት ሴት አማተበች። ማማ አካይቲ የራሳቸውን ጨርሰው ካውያዋን አላስቀመጡም። የንጋቫይኔን ሳቡና፣ የተከፈተውን ትርፍ ጠቆር ወዳለው ወደ ቀዩ ጨርቅ አጋድመው ደግመው ተኮሱት።

«ማማ፣ የእሷን ማን አዘዘዎት?» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ።

ማማ አካይቲ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት።

«ነጩ ካውያ ሆዱ ላይ ወረቀቱ አለ፤ አንዴ እንኳ ቢግል ይጠቁር ነበር» አለ ሳጅኑ። «ቀዝቃዛ ካውያ ይዞ የሚተኩስ የለም። ስለዚህ ማማ ቴፓኤሩ ከሞቱ በኋላ እጃቸው ውስጥ ያስገባው ሰው አለ፤ ገመዱንም በመቀስ የላጠው እሱ ነው፣ ጥፋቱ በዚች ልጅ እንዲላከክ። ይቺ ጥንድ ደግሞ ጠዋት ንጋቫይኔ ከፍታ የተኮሰቻት ናት። አሁን ግን ታጥፋ ተገኝታለች፣ ደሙም በእጥፉ ውስጥ ነው። ደሙ ሲፈናጠቅ ትርፉ ክፍት ነበር ማለት ነው፤ ቀይ ጨርቅ ላይ ስለሆነ አልታየም። ከዚያ በኋላ በጋለ ካውያ የታጠፈ ነው። ማማ ቴፓኤሩ ከወደቁ በኋላ ተነሥተው አልተኮሱም። ፓፓ ፖኪኖ ሲተኩሱ አይተናል። ንጋቫይኔም ማጠፍ አታውቅም። ጥላው በነጩ በኩል እንዳይታይ ትርፉን ወደ ጠቆረው ማጋደም የለመደ እጅ ነው የሠራው፤ የተበላሸ ስፌት አይቶ ማለፍ ያቃተው እጅ።»

ማማ አካይቲ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ለልጅቱ ሰጠኋት አለችኝ» አሉ። «በምን ልቀበር? ልጄን ባሕር በላው፣ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ያለኝ እሱ ጨርቅ ብቻ ነበር። ገፋኋት፤ የስፌት መኪናው ብረት መታት። ጠራኋት፣ አልመለሰችም። ካውያዋ እንደጋለች ነበረች። ስፌቱን መቼ እንዳስተካከልኩት እንኳ አላውቅም። ነጩን ካውያ ግን ያስያዝኳት እኔ ነኝ፣ በልጅቱ እንዲላከክ። ቀድማ ለምትሞተው ብለን ነበር፤ ይኸው በእጄ አስቀደምኳት።»

«አውጧት ከዚህ!» ፓፓ ፖኪኖ ጮኹ።

ሳጅኑ የማማ አካይቲን ክንድ ሊይዝ ሲል ንጋቫይኔ በሩ ላይ ቆመች። «የቲቫይቫዩ የመጨረሻ ረድፍ አልተጋጠመም» አለች። «አገጣጠሙን ከማማ አካይቲ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ልጄ» አሉ ማማ አካይቲ፤ «ይቅር አልሽኝ?»

«አላልኩም። አክስቴ ግን ባዶዋን አትቀበርም። ይስፉ።»

ሳጅን ቱታይ ኮፍያውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ማማ አካይቲ መርፌ አንሥተው ክሩን ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ክሩ ቀዳዳውን ይስታል። ደግመው ሞከሩ። ንጋቫይኔ ጥቂት አየቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች፤ መርፌውን ተቀብላ ክሩን አስገባችና መልሳ ሰጠቻቸው።