ሦስቱ የአላርዳይስ ሸክላዎች

ጎረቤቴ ማቭስ ሥጋ ቤት ተሰልፋ የሰማችውን በአጥር በኩል ሹክ አለችኝ። «ያቺ ባሏ የሞተባት ሚስስ አርድሊ የለችም? ሐሙስ ሐሙስ ለሙዚቃ ሸክላ ማኅበሩ ኬክ የምትጋግረዋ? ባልም አልነበራት፣ አርድሊም አይደለችም። ሰላይ ናት አሉ።»

«እዚህ ማልቨርን ምን ይሰለላል? ዝናቡ?» አልኳት።

«ቫዮሊን» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። ሚስስ አርድሊ የተባለችው ሄስተር ከኋላ ተቀምጣለች፤ እውነተኛ ስሟ ይኼ ነው። የሥራ ስሟ «ድንቢጥ»። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ቡናማ ሳጥን አልተነቀለም።

ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ሸክላዎች አሉ። አላርዳይስ የሚባል፣ በሕይወቱም ሞቶም ማንም ዞር ብሎ ያላየው እንግሊዛዊ የደረሰው የቫዮሊን ኮንሰርቶ፣ ማለት ለቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሙዚቃ፣ የተቀዳባቸው ናቸው። ሙዚቃው ሦስት ክፍል አለው፣ ለአንድ ክፍል አንድ ሸክላ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንዴ በሬዲዮ ተላለፈ፣ ከዚያ ተረሳ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የሚስተር ፕላምትሪ አባት ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ከሬዲዮ ቀድቶት ነበር። በዓለም ላይ ያለው ቅጂ ይኼ ብቻ ነው።

ያን ቀን የተጫወተችው ሲቢል ናት። አሁን ዘጠናን አልፋለች፣ ከኮረብታው ሥር የአረጋውያን ቤት ነው የምትኖረው። ሄስተርን በልጅነቷ ቫዮሊን ያስተማረቻት እሷ ናት፤ አልሆነላትም እንጂ። ሲቢል ያንን ጨዋታዋን አንድም ቀን መልሳ ሰምታው አታውቅም። ጆሮዋ ደግሞ ከወር ወር እየደከመ ሄዷል።

ፕላምትሪ አያውስም። አያስቀዳም። «ስስ ነው፣ መርፌ በነካው ቁጥር ይበላል» ይላል። ሲቢል ብትለምነውም መልሱ «ለከርሞ እናያለን» ነው። ሄስተር ብርዱን በሙሉ እዚያ አዳራሽ ደረቅ ብስኩት ስትቆረጥም ከረመች። የተረሱ እንግሊዞች የደረሱትን ኮንሰርቶ በየተራ ሰማች፤ አንዱ ካንዱ ይረዝማል፣ ሁሉም ዝናብ ዝናብ ይላል። የአላርዳይስን ስትጠይቅ ግን ለከርሞ። አሁንም ለከርሞ።

ዛሬ በቃት።

ማኅበሩ አንድ ደንብ አለው። ዝግ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው የሙዚቃው ክፍል ሲጀምር ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል። መንቀሳቀስ የለ፣ መናገር የለ፣ ማሳል የለ።

መርፌው ወረደ። የሌላ ሰው ኮንሰርቶ ነው። ዓይኖች ተከደኑ።

ሄስተር ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ተነሳች።

ሳጥኑን አነሳች።

ቀና ስትል ፕላምትሪ አፍጥጦ እያያት ነው።

ፊቱ ቀላ። አፉ ተከፈተ። ቫዮሊኑ ከፍ እያለ ሄደ።

አፉን መልሶ ዘጋው።

ዝግ ያለውን ክፍል ማቋረጥ አቃተው። ሌባ ፊቱ ቆማ፣ ሰውየው ወንበሩን ጨምድዶ ሙዚቃው እስኪያልቅ ጠበቀ።

ሄስተር በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ባቡር ጣቢያው ቅርብ ነው። አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ጋዜጣ ዘርግቷል። የሥራ ስሙ «ጉጉት»። ለንደን የሙዚቃ ኩባንያ ያለው፣ ቬን የሚሉት ነው። የቀጠራት እሱ ነው፤ «አምጪልኝ፣ ቀድቼ አወጣዋለሁ፣ ሲቢልም ትሰማዋለች» ብሎ።

«መጨረሻው ፈጣን ነው?» አለ ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

«ፈጣን ነው፣ ደስታ ግን የለውም።»

የይለፍ ቃላቸው ይኼ ነው። ሳጥኑን ሰጠችው።

«መቼ ነው የምትቀዳው? አሮጊቷ ጊዜ የላትም።»

«ምኑን?» አለና ከኪሱ ኩባንያው ያሳተመውን አዲስ ሲዲ አወጣ። ሽፋኑ ላይ አንዲት ወጣት ቫዮሊን ይዛ ትስቃለች። ከበላይዋ በቀይ ተጽፏል፦ የአላርዳይስ ኮንሰርቶ፣ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀዳ።

«የመጀመሪያውማ እጅህ ላይ ያለው ነው» አለችው።

«ታዲያ ለምን ያስመጣሁሽ መሰለሽ? ይኼ ሸክላ ካለ እኔ ውሸታም ነኝ።»

ሄስተር ብርዱን ሙሉ ስትለፋ የከረመችው ለዚህ ነው።

ቬን ወደ ሐዲዱ ጠጋ አለ። የመጀመሪያውን ሸክላ መዘዘ።

«ተው፣ ቬን።»

ወረወረው።

በጦርነቱ ጊዜ ለሸክላ የሚሆን ብረት አልነበረም፣ ሸክላውን የሠሩት በመስታወት ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሐዲዱ ላይ እንክትክት አለ።

ሁለተኛውን ሊመዝ ሲል በእጇ በያዘችው ጫማ ተረከዝ የእጁን አንጓ አቀመሰችው። ጮኸ። ሳጥኑን ነጠቀችው።

«ለማን ልትከሺኝ?» አለ እጁን እያሻሸ። «የሰረቅሽው አንቺ ነሽ።»

ባቡሩ መጣ። ቬን ገብቶ ሄደ። እሷም ምንም ማድረግ አልቻለችም።

ፕላምትሪ እያለከለከ ደረሰ። «ይቅርታ፣ ሙዚቃው... እስኪያልቅ...» ሐዲዱ ላይ ስብርባሪውን አየ። «ፖሊስ እጠራለሁ።»

«በኋላ ይጥሩ። ማጫወቻው መኪናዎ ውስጥ ነው?»

«ነው።»

«መቅጃውስ?»

«እሱም አለ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

የአረጋውያኑ ቤት ሳሎን። ወሬው ደርሷቸው የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ተከታትለው ገብተዋል። ፕላምትሪ በራሱ እጅ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ። ሲቢል ጆሮዋን ከድምፅ ማጉያው ጋር አጣብቃ ሁለተኛውን ሰማች። ሦስተኛውን ሰማች። ግራ እጇ፣ ቫዮሊን እንደያዘች ሁሉ፣ ጭኗ ላይ ጣት በጣት ይሄድ ነበር።

«የመጀመሪያውስ?» አለች ሲያልቅ።

«የለም» አለች ሄስተር። «በእኔ እጅ ጠፋ፣ መምህርቴ።»

«እሱ ነበር የኔ» አለች ሲቢል ቀስ ብላ። «ብቻዬን የምጫወትበት እዚያ ላይ ነበር።»

ሄስተር ካፖርቷን አነሳች። ሁለቱ ክፍሎች ተቀድተዋል፣ የቬን ሲዲ ሽፋንም ከዛሬ ጀምሮ ውሸት ነው። ነገ ሌላ ከተማ ትሆናለች፣ በሌላ ስም። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ጭቅጭቁ ተነሳ፤ መውጣቷን ያየ የለም።

«ድሮ አስቀድተኸው ቢሆን ኖሮ» አለ አንድ የማኅበሩ ሰው ለፕላምትሪ።

«አስቀድቼው ቢሆን ይሄኔ ተበልቶ አልቆ ነበር።»

«አንተና መርፌህ።»

«እስከዛሬ የጠበቅኩት እኮ እኔ ነኝ» አለ ፕላምትሪ። «እኔ ባልጠብቀው ዛሬ ምን ትሰሙ ነበር?»

የሲቢል ምርኩዝ ወለሉን መታ።

«ፕላምትሪ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ የጠበቅከው ሳጥን ነው። እኔ ለሳጥን አልተጫወትኩም።»