የዋልካ ዱካ

ሰውመሆን የሞተው ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነው። ነሐሴ 13 ጠዋት ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ፣ ከሩዝ ማሳ ዳር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ አብጧል፤ የቆዳ ጫማው ክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

ኢንስፔክተር ሙናዬ ከወረታ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ጫፍ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ጫማዋን በእጇ ይዛ ዋልካውን፣ ያን የሚያጣብቅ ጥቁር ጭቃ፣ አቋረጠች። ሃያ ዓመት ሬሳ አይታለች። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ ሀዘኑ ግን መምጣት ከተወ ቆየ። ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ አወለቀች። እግሩ ካልሲ የለውም፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጥቁር ጭቃ ተለስኗል። ካልሲዎቹ ተጠቅልለው ከኮት ኪሱ ወጡ።

ሟቹ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰዓሊ ነበር፤ በሥነ ጥበብ ዶክትሬቱን ሊጨርስ አንድ ወር ቀርቶታል። ከአቶ ካሴ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ዋልካ ከሩዝ ገለባ ጋር አቡክቶ ጆንያ ላይ ይለጥፋል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ በባዶ እግሩ ይረግጥለታል፤ ሲደርቅ ሥዕል ነው። የቁሐር ሰው «ዱካ ለማየት ዶክተር መሆን ያስፈልጋል ወይ» እያለ ሳቀበት፤ እየሳቀም ሄዶ ረገጠለት።

የወረዳው ፖሊስ አቶ ካሴን ይዟቸዋል። ጭቃ ሲቆፍር ማሳዬን አፈረሰብኝ ብለው ቅዳሜ ዕለት «እዚያው ትቀበራታለህ» ያሉትን አገር ሰምቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ታቦር ሊወስዷቸው ነው። ሚስታቸው ሸዋነሽ ስንቅ ቋጥራ ደጅ ቆማለች፤ አታለቅስም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሙናዬ መኪናው እንዲቆይላት ጠየቀች።

አብራው የምትማረው ሉሊት ጫማዋን በክሩ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ መጣች። ሁለቱም አንድ የመምህርነት ቦታ ይጠብቁ እንደነበር አልደበቀችም። አማካሪያቸው ዶክተር ደሞዝ የሰውመሆንን ሥራዎች ውጭ አገር በራሱ ስም አሳይቷል፤ ሰውመሆንም ጥናቱን በፈታኞች ፊት በሚያቀርብበት በዲፌንሱ ቀን ይህን ሊናገር ነበር አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ይመስላል።

ያለቀሰ ቢኖር ደሞዝ ብቻ ነው። ትናንት ወረታ ገብቶ ጎርፍ ነው ስላሉት ከአስፋልት እንዳልወረደ ተናገረ። ሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ የሟቹ ሦስት መቶ ገጽ ጥናት ተቀምጧል። ሙናዬ ተውሳው እስከ ምሳ ሰዓት አነበበች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሟቹ ይሠራበት ከነበረው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሰውመሆን ወደ ማሳው የሄደው በባዶ እግሩ ነው፤ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ካልሲውን ኪሱ ከትቶ» አለች። «በጭቃ እግሩ ላይ ጫማ ያደረገለት ሌላ ሰው ነው፤ ከሞተ በኋላ።»

«ለምን ብሎ?» አለ ደሞዝ።

«የተማረ ሰው በባዶ እግሩ ቢገኝ ሰው ይጠረጥራል ብሎ። አቶ ካሴ፣ እርስዎ ቢያዩት ይገርምዎት ነበር?»

«እህ፣ በነሐሴ? እኔንስ የደነቀኝ ጫማ ማድረጉ ነው፣ ልጄ። የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ።»

«ሉሊትም ጫማዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ነው የመጣችው። ክረምቱን እዚህ ከርማለች። የቀረው ዋልካ ላይ በባዶ እግር እንደሚኬድ የማያውቅ ሰው ነው።»

ደሞዝ ይህ ግምት ነው አለ። ሙናዬ ጥግ ወዳለው ጆንያ ሄደች፤ ጭቃው ገና አልተሰነጠቀም። የታተመው እግር ጣቶቹ የተጣበቁ፣ ከልጅነቱ ጫማ ያልተለየው እግር ነው።

«እግር ሁሉ እግር ነው» አለ ደሞዝ።

«ምዕራፍ ሦስት ግን እንዲህ አይልም። የረገጠው ሰው ስምና ቀን በጆንያው ጀርባ በከሰል ይጻፋል ይላል።»

ገለበጠችው። «ደሞዝ፣ ነሐሴ 12፣ ከሰዓት» ይላል። ደሞዝ እግሩን ሲታጠብ ሰውመሆን ጽፎት ይሆናል። ከዚያ ደሞዝ ጭቃው የሚቆፈርበትን አሳየኝ ብሎ ወደ ማሳው ይዞት እንደወጣ፣ ከኋላም እንደመታው አስረዳች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዋልካም እንዲሁ ነው።

ደሞዝ ማልቀሱን አቆመ። «ስሜን ሊያጠፋው ነበር» አለ።

ሙናዬ የጥናቱን የመጀመሪያ ገጽ ከፍታ አሳየችው። «"አንብቤ አጽድቄዋለሁ" ብለው እዚህ ፈርመዋል። አንብበውት ቢሆን ጆንያውን አቃጥለውት ይሄዱ ነበር።»

ደብረ ታቦር የሄደው መኪና ደሞዝን ይዞ ሄደ። አቶ ካሴ የፈረሰውን ማሳ ሊጠግኑ ወረዱ፤ ሸዋነሽ ስንቁን ይዛ ተከተለቻቸው። ሙናዬ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ እግሯን ታጠበች። ሰውመሆን አራት ዓመት የደከመበትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነበበችለት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ ለዚያውም ከሞተ በኋላ። ሀዘኑ ያን ጊዜ መጣ። የሚያልፈው ባጃጅ እስኪርቅ ጠብቃ አለቀሰች።